ስም ያልተጻፈለትን ሰው በመዝገብ መፈለግ

የራሽን ካርድ ላይ የቤተሰቡ ኃላፊ ስምና የቤተሰቡ ብዛት ብቻ ቢጻፍ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ አያቱን እንዴት ያገኛል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የኖሩ ቤተሰቦችን የሚፈልጉ ሰዎችም የሚገጥማቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

አሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የመጀመሪያው ቆጠራ የተደረገው በ1790 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነበር፤ ሌላው በቁጥር ነው የሚገባው። በ1850 የእያንዳንዱ ነፃ ሰው ስም፣ ዕድሜና የትውልድ አገር መጻፍ ተጀመረ። በ1880 ደግሞ ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፣ ማለትም ሚስት፣ ልጅ፣ አማች እየተባለ ተጨመረ። የ1890ው መዝገብ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ምክንያት ጠፍቷል። ፈላጊው የሚነሳው ከሚያውቀው ነው፤ ከቅርቡ ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል።

«ነፃ ሰው» የሚለውን ልብ በሉ። በ1850ና በ1860 በባርነት የነበሩት የተቆጠሩት በሌላ ቅጽ ነው። በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይጻፋል፤ የእነሱ ስም ግን ከጥቂቶች በቀር የለም። በስም የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት መንገዱ ይዘጋል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? የጌታው ወረቀት ይገላበጣል፦ ኑዛዜ፣ የውርስ ንብረት ዝርዝር፣ የሽያጭ ውል። ከ1865 እስከ 1874 ለነፃ ወጪዎች የሠራው ባንክም ገንዘብ አስቀማጮችን የወላጆቻቸውንና የወንድም እህቶቻቸውን ስም ይጠይቅ ስለነበር መዝገቡ ብዙ ረድቷል።

አንድ ምሳሌ እንይ። ታዋቂው ጸሐፊና ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት ተወለደ። በ1838 አምልጦ ቤይሊ የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ቀየረ። የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር፤ 1817 ይመስለው ነበር። በ1895 ሳያውቀው ሞተ። በኋላ ዲክሰን ፕሬስተን የተባለ ጸሐፊ የጌታውን የአሮን አንቶኒን መዝገብ ሲያገላብጥ የሃሪየት ልጅ ፍሬድሪክ በፌብሩዋሪ 1818 መወለዱን አገኘ፤ ግኝቱንም በ1980 በመጽሐፍ አወጣው። ያ መዝገብ ሰውን እንደ ንብረት የቆጠረ ነው፤ ቢሆንም የእናትና የልጅ ስም አንድ ላይ ይዞ ቆይቷል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቆጣሪው የጻፈው የሰማውን ነው፤ መልስ የሰጠው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አንዱ ስም በየመዝገቡ በተለያየ ፊደል ይጻፋል፣ ዕድሜም ይዛባል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ብቻ አይታመንም፤ የወንድም እህት ስም፣ መንደርና ጎረቤት አብሮ ይታያል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስንቶቻችን ነን የልደት ቀናችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበው?

ስለዚህ ዛሬ ደብተር አውጡ። የምትጠሩበትንና ወረቀት ላይ ያለውን ስም ሁለቱንም ጻፉ። የእናትን፣ የአባትን፣ የአያቶችን ስም፣ የትውልድ መንደርን፣ የወንድም እህቶችን ስም በየተራ ጨምሩ። የጎደለውን ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ካልተገኘ ቦታውን ባዶ ተዉት እንጂ አትገምቱ።