የተቀጠለው አንጀት እስኪለምድ

«ፓስተር፣ ጋዝ ወጣ?»

ነርሷ በየጠዋቱ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ቆሞ ያገለገለ ሰው፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ግን ክንዴን ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝና በሹክሹክታ «ወጣ» አለኝ። ከተኛሁበት ፍራሽ ላይ ተነሥቼ ጌታን አመሰገንኩ። በሕይወቴ ስለ ብዙ ነገር አመስግኛለሁ፤ ስለዚህ ነገር አመሰግናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ አንጀትና ስለ መጸዳጃ ቤት በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ መጻፍ ነውር የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በዘዳግም 23 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡ ከሰፈር ውጭ እንዴት ቆፍረው እንደሚጸዳዱና እንደሚከድኑት ሳይቀር እንደነገራቸው እናነባለን። እርሱ ያላፈረበትን እኛ ለምን እንደምናፍርበት አላውቅም። ባለቤቴም ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አስቀንሶኛል።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። የምንኖረው በምዕራብ ሸዋ፣ ጎጆ ከተማ ነው። አንድ ማታ የባለቤቴ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። ያስመልሰዋል፤ ሰገራም ጋዝም የለም። እኔ ቁርጠት መስሎኝ በጤና አዳም ቡና አፈላሁለት፤ እጄንም ጭኜ ጸለይኩ። ጸሎቱ ትክክል ነበር፤ እስኪነጋ መጠበቄ ግን ትክክል አልነበረም። በማግሥቱ በጊንጪ በኩል አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ የትልቁ አንጀት የታችኛው ቀለበት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ደም እንዳቋረጠበትና ከፊሉ እንደጠቆረ ነገረን። የሞተው ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ጫፍ በግራ ጎኑ በኩል በሆዱ ቆዳ ላይ ተከፈተ። ሰገራው በዚያ በኩል ወደ ከረጢት ይወርድ ጀመር።

ይህ ሕመም በአገራችን እንግዳ አይደለም። ሰዎች «አንጀቱ ታጠፈ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ የአዋቂዎችን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። በበለጸጉት አገሮች ግን ጥቂት ነው። ገለባው የበዛ እህል ዘመኑን ሙሉ የበላ ሰው አንጀቱ ረዝሞና ሰፍቶ ለመጠምዘዝ ይመቻል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ገብስና ቆሎ ለለመድን የጄልዱ ሰዎች ይህን መስማት ከባድ ነው። ጫፉን በሆድ በኩል አውጥቶ መገጣጠሙን ለሌላ ቀን ማቆየት ደግሞ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሃርትማን የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ይህን አሠራር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። እርሱ ያሰበው ለካንሰር ሕሙማን ነበር፤ ዛሬ አንጀታቸው ተጠምዝዞ የጠቆረባቸውንም ያድናል።

ስለ ከረጢቱ አምስት ወራት ብዙ አልጽፍም። ከረጢቱን በከተማችን መድኃኒት ቤቶች ስላላገኘነው ከአዲስ አበባ እናስመጣ ነበር፤ ሲያልቅ በፌስታልና በንጹሕ ጨርቅ እንሠራለን። በመጋቢት ወር ሁለቱ ጫፎች እንደገና ተቀጠሉና ቀዳዳው ተዘጋ። ምእመናን «አለቀ!» ብለው እልል አሉ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ማንም ስላልነገረን ነው። ከሆስፒታሉ ስንወጣ በእጃችን የነበረው ወረቀት የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነበር የተጻፈበት።

ጭቃው፣ ባትሪውና ፖፖው

በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይወጣ ነበር። የሚወጣው ቀጭን ነው፤ ሲመጣም ጊዜ አይሰጥም። መጸዳጃ ቤታችን ከግቢው ጥግ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፤ የጎጆን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ በሌሊት ጭቃ ላይ ሲራመድ እኔ ከኋላው ባትሪ አበራለሁ። አንድ ሌሊት አልደረሰም። ጭቃው ላይ ቆሞ አለቀሰ። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞቱ ዕለት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ገበያ ወጥቼ የልጆች ሳይሆን ትልቅ ሰው የሚችል ባለ ክዳን ፖፖ ገዛሁ። አልጋው አጠገብ ሳስቀምጠው ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ በሦስተኛው ቀን ተጠቀመበት።

በኋላ ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳን ቢያንስ ፍርሃታችን ቀለለ። ትልቁ አንጀት ውኃ ይመጥጣል፣ ሰገራንም ያጠራቅማል። የተቆረጠው ቁራጭ ማጠራቀሚያ የነበረው ክፍል ነው። ከእርሱ በታች ያለው ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የፊንጢጣው ጡንቻም ሰንፏል። ስለዚህ ሥራውን እንደገና መልመድ አለበት። ለአንዳንዱ ሰው ጥቂት ሳምንት፣ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ምን ያህል እንደተቆረጠና ከየት እንደተቆረጠ ይወስነዋል፤ ወደ ፊንጢጣ በቀረበ መጠን ልምምዱ ይረዝማል፣ እስከ ዓመትም የሚሄድ አለ። ሐኪሙ ያዘዘለት አንድ ልምምድ ነበረ፦ ጋዝ እንደሚይዝ ሰው ፊንጢጣን ጨምቆ አምስት ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ባለቤቴ ይህን መጽሐፍ እያነበበ ያደርገው ነበር። ማንም አያውቅበትም።

ቆዳውም ይቆስላል። በወረቀት መጥረጉን ትተን ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ በስስ ጨርቅ ሳያሹ ተጭኖ ማድረቅና ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት መቀባት ጀመርን። በሦስት ቀን ውስጥ መቀመጥ ቻለ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

በደብተር ላይ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደወጣና ምን እንደበላ እጽፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ስድስት ወረደ፤ በሦስተኛው ወር ሁለት ወይም ሦስት ሆነ። ተስፋ በቆረጠባቸው ቀናት ደብተሩን አሳየው ነበር። ከስብከት ሁሉ ይልቅ እርሱ አጽናንቶታል።

የጠያቂው ሳህን

ቅዱሳን መውደዳቸውን የሚያሳዩት በሳህን ነው። ጎመን በሥጋ መጣ፤ ገንፎ በቂቤና በበርበሬ መጣ፤ ቆሎ መጣ። ከአምቦ የመጡ ወንድሞች ደግሞ አንድ ካሳ የአምቦ ውኃ ይዘው መጡ፤ «ለሆድ ጥሩ ነው» አሉ። አምቦ ውኃ በጠርሙስ መሸጥ ከጀመረ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ለእኛ ለአካባቢው ሰዎች መድኃኒትም ኩራትም ነው። ግን አዲስ ለተቀጠለ አንጀት ጋዝ ያለበት መጠጥ ሥቃይ ነው። ባለቤቴ ይሉኝታ ይዞት አንድ ብርጭቆ ጠጣና ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቱን አቅፎ አደረ።

ለእርሱ የተስማማው ጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መብላት ነበር፦ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች (ድንች በጄልዱ ሞልቷል፣ ጌታ ይመስገን)፣ ነጭ ሩዝ፣ የአጃ ሾርባ፣ ሙዝ፣ ዳቦ። እንጀራ በሁለተኛው ሳምንት በትንሹ ጀመርን። በርበሬ፣ ጥሬ አትክልት፣ ጎመን፣ ባቄላና ቆሎ ቆይተው ይመጣሉ፤ ቡናም እንዲሁ። ወተት አንዳንዱን ያስቀምጠዋል፣ እርሱን አስቀምጦታል። ውኃ በብዛት ስለሚወጣ ኦ.አር.ኤስ. ያስፈልጋል፤ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው አሟሙቶ መጠጣት ይቻላል። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ግን ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም።

ጠያቂዎችን በተመለከተ ድፍረት የሰጠችኝ አንዲት የእኅቶች ኅብረት እናት ናት። በራችን ላይ በርጩማ ዘርግታ ተቀመጠችና የሚመጣውን ሁሉ «ልጄ፣ ሳህኑን ለልጆቹ ስጪ፤ ጸሎቱን እዚሁ እናድርግ» እያለች ትመልስ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞት በለመነ ጊዜ መልአኩ ምግብና ውኃ አቀረበለት፤ ተኛ፤ እንደገና በላ። እግዚአብሔር ጥያቄ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠያቂዎቻችን ግን ገና ከበሩ «ፓስተር፣ መቼ ነው የምትሰብከው?» ይሉ ነበር።

የተደበቀው ትኩሳት

በጣም የምፈራውን ላንሣ። ከቀዶ ሕክምናው በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሰውነቱን ስነካው ይነድዳል። ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ ሲለው ቆይቶ ደብቆኛል። ለምን? በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅታ ነበር። «ፈጽሞ ተፈውሷል ተብሎ ተነግሯል፤ እንዴት አሞኛል እላለሁ?» አለኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ጮኽኩበት። በዚያ ሳምንት ሦስት ሰዎች «ምስክርነቱን እንጠብቃለን» ብለው ሲሄዱ እኔም ራሴ አሜን ብያቸው ነበርና ከቁጣዬ ግማሹ በራሴ ላይ ነበር።

ያንኑ ሌሊት መኪና ለምነን አምቦ ወረድን። የተቀጠለው አንጀት አልተከፈተም፤ የቆዳው ቁስል አመርቅዞ ነበር። ከፍተው አጠቡት፣ መድኃኒት ጀመሩለት። ሌላው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መበለት ሆኜ እጽፈው ነበር። ስፌቱ ካፈሰሰ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ማስመለስ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ጋዝና ሰገራ ፈጽሞ መቆም፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ አንድ ሌሊት እንኳ አትጠብቁ። ፕሮግራም ይተላለፋል።

የምስጋናው ፕሮግራም ሲሰረዝ ያኮረፉ ነበሩ። ይሁን።

በአንድ ቤት ሁለት አልጋ

ባለትዳሮች ይህን ክፍል አብራችሁ አንብቡት። ባለቤቴ ከሆስፒታል ከተመለሰ ጀምሮ ሳሎን ነበር የሚተኛው። ምክንያቱ ቁስሉ ነው ብሎኝ ነበር። ቁስሉ ደረቀ፤ ስድስት ሳምንት አለፈ፤ አሁንም ሳሎን ነው። እኔ ደግሞ እንደ ተጠላች ሴት ቆጠርኩት። እርሱ የፈራው ሽታውን ነበር፤ ተኝቶ ሳለ ቢያመልጠውስ? ሁለታችንም አንናገርም። ለሌላ ሰው ትዳር የምንመክር ሁለት ሰዎች!

የተናገርነው ድንች እየላጥን ነው። እርሱ ከባድ እንዳያነሣ ተከልክሏል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከአምስት ኪሎ በላይ የሚያነሣ ሰው ስፌቱ በውስጥ ሊላቀቅና እበጥ ሊያመጣበት ይችላል። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ሃያ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። እናም ሥራው ድንች መላጥ ብቻ ሆኖ ነበር። ቢላውን አስቀምጦ «ትጸየፊኛለሽ ብዬ ነው» አለኝ። «አምስት ወር ከረጢትህን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ማታ ፍራሹ ላይ የልጆቻችንን የድሮ ላስቲክ ከአንሶላው ሥር አነጠፍኩና አብረን ተኛን። ሌላው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። ሐኪሞች ቁስሉ ድኖ ሕመም ከሌለ ከስድስት ሳምንት በኋላ መገናኘትን ብዙ ጊዜ አይከለክሉም። በዳሌ ውስጥ ጠልቆ የተሠራ ቀዶ ሕክምና ግን የወንዱን ነርቭ ሊነካ ይችላልና ችግር ካለ ለሐኪም መንገር ነው፤ መፍትሔ አለው። ይህን ሐኪሙን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ባለቤቴ ወደ መድረክ የተመለሰው በሐምሌ ነው። በር አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጦ አምልኮውን ተካፈለ፤ ከዚያ ወጥቶ መስበክ ጀመረ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ድምፁ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ አወቅኩ። መጽሐፍ ቅዱሱን ክፍቱን ትቶ በጎን በር ወጣ። ጉባኤው ጸጥ አለ። ከዚያ ያቺ በርጩማዋን በራችን ላይ ዘርግታ የተቀመጠችው እናት ከመካከል መዝሙር አነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አንዱ ሲያልቅ ሌላ እያነሡ አራት መዝሙር ዘመሩ። እርሱም በዚያው በር ገባ፤ እጁን በመሐረብ እያደረቀ፣ «የቱ ጋ ነበርን?» አለ።