ሆም ቴአትር ገዝታችሁ ንግግሩ አልሰማ አላችሁ? መፍትሔው ቮልዩም መጨመር አይደለም

ፊልሙ ላይ ፍንዳታ ሲመጣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ተዋናዩ ሲያወራ ግን ምን እንዳለ አይሰማም። ለንግግሩ ቮልዩም ትጨምራላችሁ፣ ወዲያው ጎረቤት እንዳይቀየም ትቀንሳላችሁ። ብዙ ሰው ይሄኔ "ዕቃው ፌክ ነው" ብሎ ሌላ ለመግዛት ታይዋን ገበያ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአቀማመጡና የሴቲንጉ ነው። ሐርላም ኑሩ ከዚራ ወይም ሳቢያን፣ ለማስተካከል ሜትር፣ ስልካችሁና አንድ ሰዓት ያህል ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ጋ "ሪሲቨር" ሲባል የዲሹ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ከቲቪ፣ ከዲሽ ወይም ከፍላሽ የመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለየስፒከሩ ስለሚያከፋፍለው የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። 5.1 የሚባለው 5 ስፒከርና 1 ሳብዉፈር (የቤዙ ሳጥን) ያለው ነው።

1. ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት
ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት እዩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ዕቃ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የስፒከር ገመድ ስታስገቡ ደግሞ ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይሁን። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ድምፁ ይወጣል፣ ግን ቤዙ ይሳሳል። የስፒከሩ ኦም ሪሲቨሩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር እንዳያንስም ተጠንቀቁ፤ ካነሰ ሪሲቨሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

2. ቦታ ቦታቸውን አስይዙ
የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከእናንተ ጋር ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ትሪያንግል ይሥሩ። የመሃሉ (ሴንተር) ከቲቪው ሥር ሆኖ ወደ ፊታችሁ ይዙር። የፊልም ንግግር በብዛት የሚወጣው ከእሱ ስለሆነ ሳጥን ውስጥ አትደብቁት። የኋላዎቹ ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ይበሉ። መጅሊስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጆሮው ሶፋ ላይ ካለው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከወለል እስከ ጆሯችሁ ለክታችሁ የፊቶቹን በዚያ ከፍታ አድርጉ።

ለሳብዉፈሩ አንድ ዘዴ አለ፦ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡትና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ግድግዳውን ይዛችሁ ዝቅ ብላችሁ ዙሩ። ቤዙ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የእሱ ቦታ ነው። ጥግ ላይ ከወሸቃችሁት ያጓራል።

ግድግዳው ድንጋይም ሆነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ድምፅ እየነጠረ ይመለሳል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያችኋል።

3. ርቀቱን ንገሩት
ድምፅ 1 ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የፊቱ ስፒከር 3 ሜትር፣ የኋላው 1.5 ሜትር ቢርቅ የኋላው ቀድሞ ይደርሳል። ከየስፒከሩ እስከ መቀመጫችሁ ለክታችሁ ሜኑው ላይ አስገቡ፤ የቅርቡን ራሱ ያዘገየዋል። ማይክ ይዞ የሚመጣ ሪሲቨር ካላችሁ ይህን ሁሉ በራሱ ይለካል። ማይኩን በእጃችሁ አትያዙት፣ በጆሮ ከፍታ አቁሙት። ቬንቲሌተሩንም አጥፉ። ድሬ ሙቀት ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ በሌሊት ወይም በማለዳ ሞክሩት።

4. ድምፃቸውን አመጣጥኑ
ሪሲቨሩ በየተራ "ሽሽሽ" የሚል ቴስት ድምፅ ያወጣል። ስልካችሁ ላይ ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭናችሁ በመቀመጫችሁ ቦታ ያዙት። የስልክ ማይክ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላይነግራችሁ ይችላል፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሁሉም እኩል እስኪያሳዩ ድረስ አስተካክሉ። ቬንቲሌተር ከፍታችሁ ስለምታዩ ሴንተሩን በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምሩለት። ስፒከሮቹ ትንንሽ ከሆኑ "ስሞል" ብላችሁ ክሮስኦቨሩን ከ80 ኸርዝ ጀምሩ፤ ከዚያ በታች ያለውን ቤዝ ሳብዉፈሩ ይሸከመዋል። በጣም ትንንሽ ለሆኑት 100 ወይም 120 ይሻላል።

5. የኋላዎቹ ዝም ካሉ
አትደንግጡ። ብዙ የዲሽ ቻናሎች የሚልኩት ድምፅ ስቴሪዮ፣ ማለትም ባለ ሁለት ነው። ባለ 5.1 ፊልም ከፍታችሁ ሞክሩ። ቲቪው በኤችዲኤምአይ አርክ ከተገናኘ ደግሞ የድምፅ ሴቲንጉን ከፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም ቀይሩት።

6. ለጎረቤትና ለመብራት
"ናይት ሞድ" የሚል ካለው ማታ ክፈቱት። ፍንዳታውን ያበርደዋል፣ ንግግሩን ያወጣዋል። ግቢ ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል። ሪሲቨሩን የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡት፣ ላዩ ላይም ዳንቴል አትደርቡበት። ሙቀቱ የሚወጣው በላይ በኩል ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ንግግሩ ካልተሰማ፣ ያኔ ዕቃውን መጠርጠር ትችላላችሁ። ሌላ ሊገዛ የተነሳ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ሼር አድርጉለት።