የተሰጠንን ኩላሊት እንጠብቅ

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ይህን ቤት ያስቡት። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው መሸንቲ ይኖራሉ እንበል። ወንድምዎ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በእጥበት ሲንገላታ ከቆየ በኋላ እኅታችሁ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ ሲመለስ ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀዎት፦ «ጌታ ከፈወሰኝ ይህን ሁሉ ኪኒን ለምን እውጣለሁ?»

ምን ይመልሱለታል?

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት።

ኪኒኑ ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለወንድሙ ተከለ። ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ራሱ ቆጠረው። ከሌላ ሰው የመጣን ኩላሊት ግን ሰውነታችን እንደ ጠላት ይዋጋዋል። እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉት መድኃኒቶች ይህን ውጊያ ያበርዳሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ኩላሊቱን እንዳይወጋ የታሰረው ዘበኛ ተሕዋስያንንም እንደ ድሮው አያባርርም። መድኃኒቱ ቢቀር ኩላሊቱ ይጠፋል፤ ሲወሰድ ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፈታል።

አደጋው አስቀድሞ ይታወቃል?

በእርግጠኝነት የሚናገር ማንም የለም። ሆኖም ሐኪሞች ሁለት ነገሮችን ይመዝናሉ። አንደኛው የመከላከል ኃይሉ ምን ያህል እንደተዳከመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውየው ከየትኛው ተሕዋስ ጋር እንደተገናኘ ነው። ጊዜውንም ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ወር የሚያሰጉት የቀዶ ሕክምናው ቁስል፣ የሽንት ቧንቧና ከሆስፒታል የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ናቸው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ወር መከላከያው በጣም የሚዳከምበት ጊዜ ስለሆነ፣ በሰውነት ውስጥ ተደብቀው የቆዩት እነ ሳይቶሜጋሎቫይረስና ሳንባ ነቀርሳ ይነሣሉ። የሳንባ ምችን ለመከላከል ኮትራይሞክሳዞል የሚሰጠውም በዚህ ወቅት ነው። ከስድስት ወር በኋላ አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል። ሆኖም ሰውነቱ ኩላሊቱን መዋጋት ጀምሮ ጠንካራ መድኃኒት ከተጨመረ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ለጣና ዙሪያ ሰው

ስለዚህ ሐኪሙ «የት አደግህ? ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ወግ መጀመሩ አይደለም። በጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ የዋለ ሰው ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል። በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ስትሮንጅሎይድስ የሚባለውን የአንጀት ትል ይዞ ይሆናል። ይህ ትል ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ፣ ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ተባዝቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ከንቅለ ተከላው በፊት ከተገኘ ግን በመድኃኒት ይታከማል። ሳንባ ነቀርሳም አስቀድሞ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ዋናው መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን ኃይል ስለሚያሳንስ ኩላሊቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

በቤት ውስጥስ? አጎበር አይለይ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። የሚያስል ሰው ካልዳነ አይጠይቀው። መድኃኒቱ ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል ትንሽ ትኩሳት እንኳ ቢታይ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ከመድኃኒት ቤት በራሱ ፈቃድ ኪኒን ገዝቶ አይዋጥ፤ የባህል መድኃኒትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ።

እምነትና ኪኒን

አሁን ወደ ወንድምዎ ጥያቄ እንመለስ። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አለቀሰ፤ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም እንደሚፈውሰው ቃል ገባለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚያም በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። ንጉሡ «ቃል ከገባልኝ በለሱ ምን ያደርጋል?» ማለቱን አናነብም። መጽሐፈ ምሳሌም አደጋን አስቀድሞ አይቶ ጥግ የሚይዘውን ሰው አስተዋይ ይለዋል (22፥3)። ኪኒን መዋጥ የእምነት ማነስ አይደለም፤ እግዚአብሔር በእኅቱ እጅ የሰጠውን ስጦታ በአደራ መጠበቅ ነው። ኪኒኑን ያቆመ ሰው የሚያጣው የራሱን ጤና ብቻ ሳይሆን እኅቱ ከአካሏ ቆርሳ የሰጠችውንም ጭምር ነው።

እንግዲህ በአጥቢያዎ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት ካለ «መድኃኒቱን ተወው» አይበሉት። የመድኃኒትና የመንገድ ወጪው እንዳያቋርጠው አብራችሁ አዋጡ። ጉንፋን ከያዝዎት በስልክ ይጸልዩለት። ማታ ሲደውሉም ከሰላምታ ቀጥለው «የዛሬውን ዋጥክ?» ብለው ይጠይቁት። ይህም ፍቅር ነው።

ጌታ ቤትዎን ይባርክ።