የድንቅነሽ ክንድ በፋይል

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን የጎበኘ ሰው በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ቅጂዋን ነው። 3.18 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ዋናው ቅሪተ አካል ተቆልፎ ይቀመጣል። ቢሰበር ምትክ የለውምና መቆለፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አጥንቱን የሚመረምሩት ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ ሌላው ዓለም የእነሱን ቃል አምኖ ከመቀበል በቀር አማራጭ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ድንቅነሽ አሜሪካ ለዕይታ ቀርባ ሳለ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀን በሲቲ ስካን ተነሣች። አጥንቷ ድንጋይ ሆኗልና ከሆስፒታል ሲቲ ስካን የበረታ ጨረር ያስፈልገዋል። ከ35 ሺህ በላይ ስስ ምስሎች ተገኙ። ኮምፒውተር እነዚህን እንደ መጽሐፍ ገጽ ደራርቦ የአጥንቱን ቅርጽ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይሠራዋል፤ የስሪዲ ፋይል የሚባለው ይኸው ነው። ፎቶግራፍ ላዩን ብቻ ያሳያል፤ ሲቲ ስካን ግን የአጥንቱን ውስጥም ይገልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ድንቅነሽ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው ሲሉ በኔቸር መጽሔት ጻፉ። ዋና ማስረጃቸው የቀኝ ክንዷ አጥንት ትከሻዋ አጠገብ የተሰባበረበት ሁኔታ ነበር፤ ስትወድቅ እጇን ዘርግታ መሬቱን ለመመከት ሞክራለች ይላሉ። ቅሪተ አካሏን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ግን አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላም በብዙ ቅሪተ አካላት ላይ ይደርሳል ባዮች ናቸው።

ትልቁ ነገር የመጣው ከጽሑፉ ጋር ነው። የትከሻዋና የጉልበቷ ፋይሎች በኢትዮጵያ ፈቃድ በኢንተርኔት ተለቀቁ። ማንም አውርዶ በስሪዲ ፕሪንተር አትሞ ስብራቱን በጣቱ እየዳሰሰ የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አሽሊ ዋይዝማን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የስካን መረጃ ተጠቅማ በድንቅነሽ እያንዳንዱ እግር 36 ጡንቻዎችን መልሳ ሠራች፤ ድንቅነሽ እንደ እኛ ቀጥ ብላ መቆም ትችል እንደነበርም አሳየች።

እርግጥ የታተመ አጥንት ቅርጽን እንጂ የድንጋዩን ባሕርይ አይሰጥም። አንዴ የተለቀቀ ፋይልም አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ፈቃዱ አስቀድሞ የባለቤቱ መሆን አለበት። ታቦትን የመሰለ ከዕይታ የተከለለ ንዋየ ቅድሳት ማንም ተነሥቶ የሚለቀው አይደለም። ድንቅነሽ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ጥያቄ ናትና ፋይሏ መከፈቱ ትክክል ነው።

የሥነ ሕይወት መምህራን ሆይ፣ ፕሪንተር ያለው ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያችሁ ካለ ይህን ክንድ አሳትማችሁ ለተማሪዎቻችሁ አስጨብጧቸው።