ስለ ዕድልና ስለ ጥረት ሰው የሚያምነው እንዴት ይለካል?

ገበሬ አዝመራው በከፋበት ዓመት፣ ተማሪ በፈተና በወደቀበት ጊዜ፣ ነጋዴም በከሰረበት ቀን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ነገር ከምን መጣብኝ?» የሚል ነው። አንዱ «ከስንፍናዬ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይጽናናል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዘመድ የሌለውን ማን ያየዋል?» ሲል ያማርራል። እንዲህ ያለው መልስ ለሥነ ልቡና ሊቃውንት ተራ ጨዋታ አይደለም። ሰው ለነገ ሥራው የሚነሣበት ወይም የሚለግምበት ምክንያት በዚሁ መልስ ውስጥ ይገኛል ብለው ስላመኑ፣ ከ60 ዓመት በላይ በቍጥር ለመለካት ሲደክሙ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መለኪያው እንዴት እንደ ተሠራ ለማስረዳትና ወደ ሌላ ሕዝብ፣ ወደ ሌላም ቋንቋ ሲሻገር የሚደርስበትን ችግር ለማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩ ጀማሪ ፕሮፌሰር ጁሊያን ሮተር የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ናቸው። እኚህ ሰው በ1916 ተወልደው በ2014 ያረፉ ሲሆን፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1954 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ሰው አንድን ሥራ የሚሠራው የሥራው ዋጋ ስለሚያስጐመጀው ብቻ አይደለም፤ ሥራው ወደዚያ ዋጋ ያደርሰኛል ብሎ ተስፋ ሲያደርግም ነው። ታዲያ እርሳቸውና ደቀ መዛሙርታቸው አእምሯቸው የተጨነቀ ሰዎችን ሲያክሙ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። አንዳንዱ ሰው ነገሩ በተደጋጋሚ ቢሳካለት እንኳ ተስፋው ከነበረበት ፈቀቅ አይልም፤ ምክንያቱም የተሳካለት በአጋጣሚ እንጂ በገዛ ሥራው መሆኑን ፈጽሞ አያምንም።

ይህን ለመመርመር በ1957 አንድ ደቀ መዝሙራቸው የሠራው ፈተና ቀላልና ብልኀት ያለበት ነበር። ለሁለት ወገን ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጠ፤ የሚያገኙት ውጤትም አስቀድሞ የተዘጋጀና ለሁለቱም ወገን እኩል ነበር። ለአንደኛው ወገን «ይህ ችሎታ የሚጠይቅ ነው» ተባለ፤ ለሁለተኛው «ይህ የዕድል ጨዋታ ነው» ተባለ። ችሎታ ነው የተባሉት በተሳካላቸው ቍጥር ለሚቀጥለው ያላቸው ተስፋ ይጨምር፣ በሳቱም ጊዜ ይቀንስ ነበር። ዕድል ነው የተባሉት ግን ተስፋቸው ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ካሸነፈ በኋላ «እንግዲህ ዕድሌን ጨርሻለሁ» እንደሚል ቁማርተኛ ተስፋው ዝቅ ይል ነበር። እንግዲህ ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ከውጤቱ የሚማረው ነገር ስለ ምክንያቱ ባለው እምነት የሚለያይ መሆኑ ታወቀ።

ፕሮፌሰር ሮተር በ1966 ያወጡት መጠይቅ ከዚህ የተወለደ ነው። በውስጡ 29 ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች አሉበት፤ መላሹ ከእያንዳንዱ ጥንድ ወደ እምነቱ የሚቀርበውን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በአምሳያው አንድ ጥንድ ብንሠራ፣ «ባለጠጋ የሚሆን ሰው ለፍቶ ነው» የሚለው ባንድ ወገን፣ «ባለጠጋ የሚሆን ሰው ዕድል ቀንቶት ነው» የሚለው በሌላው ወገን ይቀመጣል። ከ29ኙ 6ቱ መላሹ የመጠይቁን ዓላማ እንዳያውቅ የተጨመሩ ስለ ሆኑ አይቈጠሩም፤ በቀሩት በ23ቱ ምክንያቱን ከራሱ ውጭ ያደረገበት መልስ ይደመራል። ድምሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ «የውጭ ሰው»፣ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ «የውስጥ ሰው» ይሉታል። አንድ የሰው ልጅ ሐሳብ በ0ና በ23 መካከል ባለ ቍጥር መወሰኑ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን መጠይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ላይ ተሠራጨ። ለሕፃናት፣ ለበሽተኞች፣ ለሠራተኞችም የሚሆኑ ልጆችና የልጅ ልጆች ወለደ።

ክርክሩም አልዘገየም። በ1970 የወጣ አንድ ምርመራ፣ ድምሩ አንድ ነገር ብቻ እንደማይለካ አሳየ፤ «እኔ ኑሮዬን ማቃናት እችላለሁ» ማለት ሌላ፣ «ተራው ሕዝብ መንግሥትን ወደ ፈቃዱ መምራት ይችላል» ማለት ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ1973 ሐና ሌቨንሰን የተባሉ ሊቅ «ውጭ» የሚለውን ከሁለት ከፍለው አዲስ መለኪያ አቀረቡ። ይኸውም 24 ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት፣ 8ቱ ስለ ራስ ችሎታ፣ 8ቱ ስለ ኃያላን ሰዎች ሥልጣን፣ 8ቱ ስለ አጋጣሚ ናቸው። መክፈሉ የሚገባ ነበር። ኑሮዬ በዕድል የተያዘ ነው የሚልና ኑሮዬ በባላባቱ እጅ ነው የሚል ሰው በምንም አንድ አይደሉም፤ የፊተኛው የሚጠባበቀው የለም፣ የኋለኛው ግን ማንን ደጅ መጥናት እንደሚገባው ጠንቅቆ ያውቃል።

በዚህ ረገድ እጅግ የሚያስተምረው በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። በ1966 ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተጠየቁበት ታላቅ የመንግሥት ምርመራ በወጣ ጊዜ፣ የጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና መሣሪያ ይልቅ «ዕጣዬ በእጄ ነው» ከሚለው እምነታቸው ጋራ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰሙ ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ሐሳብ ላይ ለመጣል ቸኰሉ። ነገር ግን በ1969 ፓትሪሺያ ጉሪንና ባልደረቦቻቸው በጥቁሮች ኮሌጆች የተማሩትን ወጣቶች መልስ ለይተው ሲመረምሩ፣ ስለ ራስ የተጠየቀውና ስለ ሕዝቡ ሁኔታ የተጠየቀው አብረው እንደማይሄዱ አዩ። ጥቁር ሕዝብ ወደ ኋላ የቀረው በአድልዎ ነው ብለው ምክንያቱን ወደ ውጭ ያደረጉት ወጣቶች፣ ሰነፎች መሆናቸው ቀርቶ፣ ለጥቁር ያልተለመደ ሙያ የሚመኙና ለመብታቸው በኅብረት የሚሰለፉ ሆነው ተገኙ። በድምሩ ግን «የውጭ ሰዎች» ተብለው በተቈጠሩ ነበር። እውነቱን የተናገረ ሰው በመለኪያው ተስፋ ቢስ መባሉ፣ ለእኔ ከሁሉ የከበደ ነቀፌታ ይመስለኛል። ፕሮፌሰር ሮተር ራሳቸውም በ1975 በጻፉት ጽሑፍ፣ የውስጥ ሰው ደግ፣ የውጭ ሰው ክፉ እንደ ሆነ አድርጎ መውሰድ ስሕተት መሆኑን አስጠንቅቀዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መጠይቁን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና በመጀመሪያው ጥንድ ላይ ይሰናከላል። «ዕድል» የሚለው ቃላችን ድንገተኛውን አጋጣሚም፣ አስቀድሞ የተወሰነውን ክፍልም ባንድነት ይይዛል። «ዕጣ» ያልን እንደ ሆነ ደግሞ ሰሚው ዕቁቡን ያስባል፤ በዕቁብ ዕጣ ማለት ለማንም የማያዳላ የመከፋፈያ ሥርዐት ነው፤ ዛሬ ያልወጣለትም በተራው ያገኛል። ይህም የፈረንጁ መጠይቅ ከሚለው ዕውር አጋጣሚ ጋራ አይገጥምም። ከሁሉም በላይ የእግዚአብሔር ፈቃድ አለ። እርሱ ከየትኛው ወገን ይቈጠር? ከአጋጣሚ ጋራ ቢደመር ምእመኑን መስደብ ይሆናል፤ ከኃያላን ሰዎች ጋራም አይሰለፍም። በአሜሪካ ስለ ጤና የሚጠይቁት ሊቃውንት እንኳ እግዚአብሔርን ለብቻው የሚያስቈጥሩ 6 ዐረፍተ ነገሮች የሠሩት በ1999 ነው።

ከቃሉም በላይ የአነጋገሩ ጊዜ መታሰብ ይገባዋል። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚባለው፣ እኔ እስከማውቀው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሐዘንተኛን ለማጽናናት፣ ጠብን ለማብረድ፣ በደለኛውንም ለማዳን ይባላል። ገና ሳይዘራ «ዕድሌ ነውና አላርስም» የሚል ገበሬ ግን ማን አይቷል? መሬቱን ገምሶ፣ አይሞ፣ ሠልሶ ጤፉን ከዘራ በኋላ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። ይህም ከእጁ የሚወጣውን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ለቀረው ለዝናቡ የሚናገረው ነው። «እግዚአብሔር ካለ ነገ እመጣለሁ» የሚለውም እንደዚሁ የጨዋ አነጋገር ነው፤ ይህን ሳይጨምር «እመጣለሁ» የሚል ሰው ቆራጥ መስሎ ሳይሆን ደፋር መስሎ ይታያል። የሮተር መለኪያ የሚፈልገው ሰው ስለሚመጣው የሚጠብቀውን ነው። ያለፈውን ለመቀበል የምንናገረውን የማጽናኛ ቃል ለሚመጣው እንደ ተነገረ አድርጎ ከቈጠረው፣ የለፋውን ሕዝብ «በዕድል የሚያምንና የማይጥር» ብሎ ይመዘግበዋል። መዝገቡም ወደ ሹማምንትና ወደ ዕርዳታ ሰጪዎች ይደርሳል፤ ማዳበሪያ ያልገዛ ገበሬ ገንዘብ ስለ ጐደለው መሆኑ ቀርቶ በእምነቱ ምክንያት እንደ ሆነ ይነገርበታል።

የአጠያየቁም ነገር አለ። ማንበብ ለማይችል ሰው 29 ጥንድ በቃል ሲነበብለት፣ ሁለተኛውን ሲሰማ የመጀመሪያውን ይረሳል። ጥንዱን ትቶ «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንግዳን ላለማሳፈር ሲል ሁሉንም «ልክ ነው» የሚል ትሑት ሽማግሌ የውስጥም የውጭም ሰው ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2010 በኦሮሚያ በዶባ ወረዳ የተደረገው ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ እንደ ተመልካቾቹ ካለ ድኻ ኑሮ ተነሥተው በእርሻ ወይም በንግድ የተሳካላቸውን ሰዎች ታሪክ በአጭር ፊልም አሳዩ፤ ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሌሎች ደግሞ ተራ የመዝናኛ ትርኢት አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ታሪኩን ያዩት ቤተ ሰቦች የወደፊት ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ ቍጠባቸውና ለልጆች ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብ ጨምሮ ተገኘ። በዚህ ጥናት የሚያስደስተኝ ሐሳብን መጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ከሐሳቡ አጠገብ ሥራውን መቍጠሩ ነው።

ስለዚህ በገጠር ለጥናት የሚወጣ ተማሪ መጠይቁን ይዞ መሄዱን አልከለክልም። ነገር ግን «ኑሮህ በማን እጅ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ዘንድሮ መሬቱን ስንት ጊዜ እንዳረሰ፣ ከማን እንደ ተበደረ፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ልኮ እንደ ሆነ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል መልስ ያገኘም እንደ ሆነ፣ ሰውዬው ይህን ያለው ከሥራው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ ሳይጠይቅ ቍጥሩን አይሙላ።