ፕላኑ እስኪከፈት ድረስ

በፕላን ሥራ በሚተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ ጧት በሦስት ሰዓት ገደማ ጎራ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መሐንዲሶቹና ድራፍትስማኖቹ ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው፥ የሚፈልጉትን ፋይል ነካ አድርገው፥ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በመስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች፤ እነርሱም ሻይ ያዛሉ። ሻዩ መጥቶ፥ ተጠጥቶ፥ ብርጭቆው ከተነሣ በኋላ ፕላኑ ይከፈታል። ማታም ሥራውን አስቀምጦ ወደ ቤት ለመሄድ ሲታሰብ ያችው ክብ እንደ ገና መዞር ትጀምራለች።

ይህን እንደ ቀልድ የሚያወሩት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ሒሳቡን ብናሰላው ቀልድ ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ድራፍትስማን ፋይል በመክፈትና በማስቀመጥ ብቻ በቀን 40 ደቂቃ ቢያጠፋ፥ 12 ሰዎች ባሉበት ክፍል በየቀኑ 8 ሰዓት፥ ማለትም የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን ይባክናል። ከዚህም የሚከፋ አለ። መጠበቅ የሰለቸው ሰው ፋይሉን ከሰርቨሩ ላይ ቀድቶ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጥና እዚያው መሥራት ይጀምራል። ባልደረባውም እንደዚሁ ያደርጋል። በሳምንቱ አንድ ስም ያላቸው፥ ነገር ግን የማይመሳሰሉ ሁለት ፕላኖች ይገኛሉ፤ በአንደኛው ላይ ዐምዱ ግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ተዛውሯል፥ በሁለተኛው ላይ አልተዛወረም። የግንባታው ሠራተኛ ደግሞ ዐምዱን የሚያቆመው በእጁ በያዘው ወረቀት መሠረት ነው።

እንዲህ ያለ ችግር ሲነሣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ሰርቨሩ አርጅቷልና አዲስ ይገዛልን» የሚል ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፥ ጨረታው ወጥቶ፥ አዲሱ ሰርቨር ተተክሎ ክቢቱ እንደ ቀድሞዋ ስትዞር መገኘቷ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የመዘግየቱ ሥር የት እንዳለ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ፋይል በኔትዎርክ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል። አውቶካድ በ1982 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲቀርብ አንድ ሰው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራበት የታሰበ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከሰርቨር ላይ ፋይል ሲከፍት ሙሉውን ዶሴ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ እንደሚወጣ ሰው አይደለም። መዝገብ ቤት ሄዶ አንዱን ገጽ ጠይቆ፥ ተቀብሎ፥ ወደ ክፍሉ ተመልሶ፥ ሁለተኛውን ገጽ ለመጠየቅ እንደ ገና እንደሚወርድ ሰው ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የኮሪደሩ ስፋት ሳይሆን ርዝመቱ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ፕላን ተከፍቶ እስኪያልቅ 3,000 ጥያቄና መልስ ተራ በተራ ይፈልጋል እንበል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንዱ ምልልስ ግማሽ ሚሊሴኮንድ ቢወስድ ጠቅላላው አንድ ሴኮንድ ተኩል ነው። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ሆኖ በቪፒኤን በኩል አንዱ ምልልስ 60 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ ግን ያው ፋይል 3 ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ ኀላፊዎች የመስመሩን ኪራይ ከፍ በማድረግ ሰፊ መስመር ይከራያሉ፤ መንገዱን ማስፋት ግን አያሳጥረውም። ብርሃን በመስታወት ሽቦ ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፍጥነት በገንዘብ አይገዛም። ለቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የሚበጀው፥ ሠራተኛው ከሰርቨሩ አጠገብ ባለ ኮምፒዩተር ላይ በርቀት ገብቶ እዚያው እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው የመስኮቱ ምስል ብቻ ይሆናል።

ኮምፒዩተሮቹ በዚህ ጥያቄና መልስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስ.ኤም.ቢ. ይባላል፤ በ1980ዎቹ ዓመታት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የተፈጠረ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወሬኛ ነበር፤ ከመቶ የሚበልጡ ትእዛዞች ነበሩት። በ2006 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ሁለተኛው ዓይነት 19 ብቻ አስቀርቶ ብዙ ጥያቄዎች አንድ ላይ እንዲላኩ አደረገ። በአንድ ጥግ የተረሳ የፋይል ማስቀመጫ ሣጥን ዛሬም በአሮጌው ቋንቋ ብቻ የሚናገር ከሆነ ከመዘግየቱም ሌላ አደገኛ ነው፤ በግንቦት 2017 ዓለምን ያስጨነቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሠራጨው በዚሁ አሮጌ ዓይነት ላይ በነበረ ቀዳዳ በኩል ነበርና።

ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ፈተና ምንም ወጪ የለበትም። የዘገየውን ፋይል ከነተያያዥ ፕላኖቹ ወደ ራስ ኮምፒዩተር ቀድቶ ከዚያው መክፈትና በሰዓት መለካት ነው። «ከነተያያዥ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤክስሬፍ የሚባሉት ተያያዦች በሰርቨሩ አድራሻ ተመዝግበው እንደ ሆነ ዋናው ፋይል ቢቀዳም እነርሱን ለመፈለግ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳልና ፈተናው ያታልላል። በዚህ ዓይነት ተቀድቶም ከዘገየ ሕመሙ በፋይሉ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩን መክሰስ ይቅር።

በፋይል ውስጥ ያለው ሕመም እጅግ የተለመደ ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚጠረጥረው። ከሌላ ድርጅት በተላከ ፕላን ላይ አንዲት በር ቀድተን ስንለጥፍ፥ ከበሯ ጋር ማንም የማያያቸው የመስመር ዓይነቶች፥ የመጠን ዝርዝሮችና የልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ምዝገባዎች ተከትለው ይገባሉ። እነዚህም ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እየተቀዱ ይራባሉ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ፕላን እንደ አንድ ሠፈር ካርታ የከበደው ከዚህ የተነሣ ነው። ፐርጅ የተባለው ትእዛዝ ትርፍራፊውን ያስወግዳል፥ ኦዲት ደግሞ የተበላሸውን ያርማል።

ሌላው የሞተ አድራሻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ ሰርቨር ስም በአንድ ተያያዥ ላይ ተጽፎ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ ፕላኑ በተከፈተ ቁጥር ያን ስም ይጣራል፤ መልስ እንደማይመጣ ተስፋ እስኪቆርጥም ድረስ ይጠብቃል። ከሥራ የወጣ ፕሪንተር የፋይሉ መደበኛ ማተሚያ ሆኖ ሲቀርም እንዲሁ ያደርጋል። ሠላሳ ሴኮንድ እንዲህ ሲጠፋ ማን ይጠረጥራል?

የተቀዳው ፋይል ቶሎ ተከፍቶ እንደ ሆነ ግን ችግሩ በመንገዱ ወይም በሰርቨሩ ላይ ነው። አንድ ትልቅ፥ ለምሳሌ 1,000 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ቅዱ። ጤነኛ የጊጋቢት መስመር በአሥር ሴኮንድ ያህል ያደርሰዋል። አንድ ደቂቃ ተኩል ከወሰደ መስመሩ በመቶ ሜጋቢት እየሠራ ነው ማለት ነው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች አሉ፤ መቶ ሜጋቢት አራቱን ብቻ ሲፈልግ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። የወንበር እግር አንዷን ሽቦ ከቀጠቀጣት ኮምፒዩተሩ ለማንም ሳይናገር ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳል። ኬብሉ ከመቶ ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም ይታወስ። ገመድ ባለበት ክፍል ውስጥ በዋይፋይ ፕላን መክፈት ደግሞ፥ በእኛ አስተያየት፥ ስንፍና ነው።

ሰርቨሩ ላይ ሲደረስ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፥ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው ሌሊት ነው ወይስ በሥራ ሰዓት? ሁለተኛው አንቲቫይረስ ነው፤ አንዱን ፋይል ሰርቨሩም የሠራተኛውም ኮምፒዩተር እየፈተሹት ይሆናል። ፍተሻውን በገዛ እጅ ማጥፋት ግን አይፈቀድም፤ የሚፈታው በኀላፊው ፈቃድና በጽሑፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከሚደርሳቸው ወጣት ሹማምንት መካከል አንዳንዶቹ «ኔትዎርኩ ቀርፋፋ ነው» የሚል አቤቱታ በየሳምንቱ ይቀበላሉ። ከእንዲህ ያለ ቃል ምንም አይገኝበትም። የዘገየው በአንድ ሰው ላይ ነው ወይስ በሁሉም? በአንድ ፋይል ነው ወይስ በማናቸውም? ሲከፈት ነው ወይስ ሲቀመጥ? ከመቼ ጀምሮ? ብለው ይጠይቁ። ባለሙያውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ኬብሉንም ስዊቹንም አንቲቫይረሱንም በአንድ ቀን የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋቱ በእርግጥ የሰርቨሩ ዲስክ ከሆነ ደብዳቤው ይጻፍ፤ የተለካው ደቂቃም አብሮ ይያያዝ።

እስከዚያ ድረስ በየኮምፒዩተሩ ላይ የተበተኑት ቅጂዎች መሰብሰብ አለባቸው። የፋይሉን ቀን ብቻ አይቶ የኋለኛውን መምረጥ አይበቃም፤ የኋለኛው የቀድሞውን እርማት ሳይዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። አውቶካድ ከ2019 እትሙ ጀምሮ ሁለት ፕላኖችን ደርቦ ልዩነታቸውን በቀለም የሚያሳይ ትእዛዝ አለው። ሁለቱ ድራፍትስማኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፥ ከመሐንዲሱ ጋር ሆነው፥ ዐምዱ የቱ ጋ እንደሚቆም ይወስኑና ሌላውን ቅጂ እዚያው ይሰርዙት።