ማረሻን ማን ይበላዋል?



ማረሻችሁን ተመልከቱ። አዲስ ሳለ ሹል ነበር፤ አሁን ዶልድሟል። በሬውም ሰውም ይደክማል። ማን በላው? አፈር ውስጥ ያለው አሸዋ ነው። ጀርመናዊው ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ፣ ተራ ብረት 4 ገደማ ነው፤ ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ፍሬ ግን 7 ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይፍቃል።

መፍትሔ አለው። በያጅ ክሮምና ካርቦን ያለበትን ብረት በጫፉ ላይ ይደርብበታል። እዚያ ውስጥ የሚፈጠሩት ደቃቅ ፍሬዎች ከአሸዋም ይጠነክራሉ።

ታዲያ ማረሻው በሙሉ ከዚህ ለምን አይሠራም? በጣም ጠንካራ ነገር ድንጋይ ሲመታው ይሰነጠቃላ! ስለዚህ ውስጡ ተራ ብረት፣ ላዩ ጠንካራ ይሁን። ሽፋኑ ሳያልቅ ይታደስ።

በሉ፣ «ብየዳ» ብላችሁ ጻፉ። ደህና ሰንብቱ።